ስለ ንቅሳት ሥራና ስለ አዲስ ንቅሳት አጠባበቅ

ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ንቅሳት ማለት ቆዳን በመርፌ ወይም በእሾህ ጫፍ እየወጉ፥ በተወጋው ስፍራ ቀለም በማስገባት፥ ታጥቦ የማይለቅ ምልክት መሥራት ማለት ነው። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ብዙዎቻችን በግንባራቸው ላይ መስቀል፥ ወይም በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ድሪ የተደረደረ ንቅሳት፥ ወይም የተነቀሰ ጥቁር ድድ ያላቸው አያቶች አሉን። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ ከተማ ክፍል ተከራይተውና ማስታወቂያ ሰቅለው፥ በኤሌክትሪክ መኪና የሚነቅሱ ወጣቶች ይገኛሉ። የአያቶቻችንና የዛሬዎቹ ወጣቶች ንቅሳት በመልኩ ይለያይ እንጂ በገላ ላይ የሚያደርሰው ነገር አንድ ነው፤ ሁለቱም ጌጥ ከመሆናቸው በፊት ቁስል ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይኸው ነው።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሡኝ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ ታላቅ እኅቴ የንቅሳት ሠራተኛ ስለ ሆነች፥ ባለፉት ሁለት ክረምቶች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእርሷ ዘንድ እየዋልሁ፥ ዕቃ በማጠብ፥ ጠረጴዛ በማሰናዳትና ለደንበኞች የአጠባበቁን ደንብ በማስረዳት ረድቻታለሁ። ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠ የሚያሳስብ ነው። በዘንድሮው ዓመት አንዳንድ ጓደኞቼ በዕረፍት ሰዓት በልብስ መርፌና በእስክሪብቶ ቀለም እርስ በርሳቸው ሲነቃቀሱ አይቻለሁ፤ አንድ መርፌም ለአራት ሰው ሲዞር አይቻለሁ። ከእነርሱ አንዱ ክንዱ አብጦ፥ በብብቱም ንፍፊት ወጥቶበት፥ ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀርቶ በጤና ጣቢያ መድኃኒት ከታዘዘለት በኋላ ድኗል። ይህ ልጅ ነገሩን ያደረገው ማንም ሳያስረዳው ስለ ሆነ ወቀሳ አላበዛበትም። ነገር ግን የማውቀውን ያኽል ለሌሎች ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ንቅሳት በአገራችን

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል፥ ለምሳሌ በጎንደር፥ በጎጃም፥ በወሎና በትግራይ፥ ንቅሳት በይበልጥ የሴቶች ጌጥ ሆኖ ኖሯል። በግንባር ላይ የሚነቀሰው መስቀል የክርስትና ምልክት ነው። በአንገት፥ በአገጭና በእጅ ላይ የሚነቀሰው ግን በይበልጥ ስለ ውበት ነው። የላይኛው ድድ የተነቀሰ እንደ ሆነ ጥርስ ነጥቶ ይታያል፤ ከዚህም በላይ ድድን ያጠነክራል ተብሎ ይታመን ነበር። በባህላዊ ዘፈኖቻችንም ውስጥ የአንገት ንቅሳት ሲወደስ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሥራ በየአገሩ የሚሠሩት ነቃሽ የሚባሉ እጀ ብልኅ ሴቶች ነበሩ። ቀለማቸው ጥላሸት ነው፤ እርሱንም በቅጠል ጭማቂ ለውሰው፥ በእሾህ ወይም አንድ ላይ በታሰሩ መርፌዎች ወደ ቆዳ ያስገቡታል። አንዳንድ ጊዜም ንቅሳት እንደ መድኃኒት ይቈጠር ነበር። ለምሳሌ እንቅርት የወጣበት ሰው እብጠቱ ይቀንስልኛል ብሎ አንገቱን ይነቀስ ነበር። እንቅርት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በምግብ ውስጥ አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ ስለ ሆነ፥ መከላከያው አዮዲን ያለበት ጨው እንጂ መርፌ አይደለም።

አያቴ የጎጃም ሰው ናት፤ በአንገቷም ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አላት። እንዴት እንደ ተነቀሰች በጠየቅኋት ጊዜ፥ «የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እናቴ እጄን፥ አክስቴ ራሴን ያዙኝ። ለመሆኑ ማን ጠየቀኝ ብለሽ ነው ልጄ!» አለችኝ። ከዚያም በኋላ አንገቷ አብጦ ሰሞኑን ሁሉ እንጀራ መዋጥ እንዳቃታት አጫወተችኝ። ይሁን እንጂ አያቴ ንቅሳቷን አትጠላውም፤ እንዲያውም ሟቹ አያቴ ይወድላት እንደ ነበረ እየሣቀች ትናገራለች። እኔ ግን ከንግግሯ ሁሉ «ማን ጠየቀኝ» ያለችው ቃል በልቤ ቀርቷል። በእርሷ ዘመን ለልጅቱ የሚወስንላት ዘመድ ነበር። ዛሬ የሚነቀሰው ሰው ራሱ ይወስናል፤ ስለዚህም አስቀድሞ ማወቅ የሚገባውን ሁሉ ማወቅ ግዴታው ነው።

ንቅሳት በሌላው ዓለም

ንቅሳት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በኦስትሪያና በኢጣሊያ ወሰን ላይ፥ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ፥ የአንድ ጥንታዊ ሰው ሬሳ ሳይፈርስ ተገኘ። ሊቃውንት መርምረው ከሞተ 5,300 ዓመት ያኽል እንደ ሆነው አረጋገጡ፤ ኤትሲ የሚልም ስም አወጡለት። በገላው ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቈጥረዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በወገቡ፥ በጉልበቱና በቍርጭምጭሚቱ አካባቢ ያሉ አጫጭር መስመሮች ናቸው። አጥንቱም በእነዚህ ስፍራዎች ተጎድቶ ስለ ተገኘ፥ ለሕመሙ ማስታገሻ ብሎ ተነቅሶ ይሆናል ብለው ያስባሉ። እንግዲህ ንቅሳትን እንደ መድኃኒት መቍጠር በአገራችን ብቻ የነበረ አሳብ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬ ወጣቶች «ታቱ» የሚሉት ቃል የመጣው ከሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ዓ.ም. ካፒቴን ጀምስ ኩክ የሚባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ ታሂቲ በደረሰ ጊዜ፥ እርሱና ባልደረቦቹ የአገሩን ሰዎች ንቅሳት አይተው ቃሉን ወደ አውሮፓ ወሰዱት። በኢየሩሳሌም ደግሞ ተሳላሚዎች በክንዳቸው ላይ መስቀል ተነቅሰው ወደ አገራቸው መመለስ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው።

የዛሬው የንቅሳት መኪና የተገኘው በአሜሪካ ነው። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1876 ዓ.ም. ጽሑፍን ለማባዛት ወረቀት የሚበሳ የኤሌክትሪክ ብዕር ሠርቶ ነበር። ሳሙኤል ኦራይሊ የሚባል የኒው ዮርክ ነቃሽ ይህን አሳብ ለቆዳ እንዲስማማ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. የባለቤትነት ማረጋገጫ ተቀበለበት። ወረቀት እንዲበሳ የታሰበው መሣሪያ የሰው ቆዳ መብሻ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ቀለሙ ስለ ምን አይጠፋም?

ቆዳችን እንደ ጎጆ ቤት ነው ብለን እናስብ። የላይኛው ቆዳ እንደ ሣር ክዳን ነው፤ በአብዛኛው ገላችን ላይ ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ሲሆን፥ ዘወትር ከላይ እየረገፈ ከሥር ይታደሳል፤ በአንድ ወር ወይም ጥቂት ባለፈ ጊዜም ሁለመናው ይለወጣል። እንሶስላ ወይም ሂና በእጅ ላይ ቆይቶ የሚጠፋው ይህን የላይኛውን ቆዳ ብቻ ስለሚያቀልም ነው። ከእርሱ በታች ያለው ውስጠኛው ቆዳ ግን እንደ ግድግዳው ነው፤ የደም ሥሮችና ነርቮች የሚገኙበት እርሱ ነው፤ እንደ ክዳኑም አይረግፍም። የነቃሽ መርፌ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያኽል ጠልቆ ቀለሙን እዚያ ያኖረዋል። መርፌው በጣም ከላይ ከሆነ ቀለሙ ከክዳኑ ጋር ይረግፋል፤ በጣም ከጠለቀ ደግሞ ቀለሙ ተበትኖ መስመሩ ይደበዝዛል፤ ጠባሳም ይሆናል። የነቃሽ ብልኅነት በዚህች በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ነው።

ቀለሙ ወደ ውስጥ በገባ ጊዜ የሰውነታችን ዘበኞች የሆኑት ሕዋሳት፥ በሊቃውንት ዘንድ ማክሮፌጅ የሚባሉት፥ ባዕድ ነገር መጣ ብለው ይሰበሰቡና ቀለሙን ይውጡታል። ነገር ግን ሊፈጩት ስለማይችሉ በሆዳቸው እንደ ያዙት ይቀመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ አንዱ ዘበኛ ሲሞት የተወውን ቀለም አዲስ የመጣው ዘበኛ መልሶ እንደሚውጠው ገልጠዋል። ስለዚህ ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖረው ሰውነታችን ባዕዱን ነገር ለዘወትር ሲጠብቅ ስለሚኖር ነው።

በዚህ ክፍል አንድ ነገር ልጨምር። የጠይምና የጥቁር ሰው ቆዳ መልኩን የሚያገኝበት ቀለም ያለው በላይኛው ቆዳ ውስጥ ነው፤ ንቅሳቱ ግን ከእርሱ በታች ነው። ስለዚህ በእኛ ገላ ላይ ያለውን ንቅሳት የምናየው በቡናማ መስተዋት ውስጥ እንደምናይ ሆነን ነው። ቢጫና ነጭ ቀለም ይደበዝዛል፤ ጥቁር ግን ደምቆ ይታያል። በአገራችን የነበሩት ነቃሾች ጥላሸትን የመረጡት ሌላ ቀለም ስለ ቸገራቸው ብቻ እንዳልሆነ እኅቴ ደጋግማ ትነግረኛለች።

የነቃሽ ሥራ

ብዙ ሰው የነቃሽ ሥራ ሥዕል መሣል ብቻ ይመስለዋል። እኔ እንዳየሁት ግን ከቀኑ ሥራ እኩሌታው ንጽሕና ነው። ጠዋት መጀመሪያ የምንሠራው ወለሉን፥ ወንበሩንና ጠረጴዛውን በበረኪና ማጽዳት ነው። ቀጥሎም ደንበኛው የሚቀመጥበትን ወንበር፥ የመብራቱን እጀታና የመኪናውን ገመድ ሳይቀር በአዲስ ላስቲክ እንሸፍናለን፤ ይህም ደም የነካ ጓንት የሚያርፍበት ዕቃ ሁሉ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ሽፋኑ እንዲጣል ነው።

መርፌዎቹ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው። ታሽገው ይመጣሉ፤ በእሽጋቸውም ላይ የሚያበቁበት ቀን ተጽፏል። እኅቴ እሽጉን ደንበኛው እያየ ትከፍታለች፤ ሥራው እንዳለቀም የተወጋበት መርፌ ወደማይበሳ ሣጥን ይገባል። ተመልሰው የሚሠሩ የብረት ዕቃዎች ካሉ ታጥበው፥ አውቶክሌቭ በሚባለው በእንፋሎት በሚቀቅል ዕቃ ውስጥ በ121 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይቈያሉ። በተራ ድስት ማፍላት አይበቃም፤ ውኃ በሚፈላበት ሙቀት የማይሞቱ ጠንካራ የተሕዋስያን ዘሮች አሉና። ቀለሙም ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንንሽ ኩባያ ይቀዳል፤ የተረፈው ይደፋል እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም።

ደንበኛው ከመጣ በኋላ እኅቴ አስቀድማ ትጠይቃለች። ዕድሜህ ስንት ነው? ምግብ በልተሃል? መጠጥ ጠጥተሃል? የስኳር በሽታ አለብህ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለህ? ከዚህ በፊት ቆስለህ ጠባሳህ ወደ ላይ አብጦ ያውቃል? ይህ ኬሎይድ የሚባለው እብጠት በጥቁር ሕዝቦች ላይ፥ በተለይም በወጣትነት ዕድሜ፥ በብዛት ይታያል። ጆሮዋን ተበስታ ጠባሳው ያበጠባት ልጅ በደረቷ ወይም በትከሻዋ ላይ ብትነቀስ ንቅሳቱ እንዳለ ሊያብጥ ይችላል። እርጉዝ ሴት ደግሞ ከወለደች በኋላ እንድትመጣ ትመከራለች።

ከዚያ ቆዳው ይታጠባል፤ ጠጕሩ በአዲስ ምላጭ ይላጫል፤ ሥዕሉ በልዩ ወረቀት ይታተማል፤ ደንበኛውም በመስተዋት አይቶ ይስማማል። በተለይ ጽሑፍ ከሆነ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ይነበባል። ከሀሌታው «ሀ» ይልቅ ሐመሩን «ሐ» የሚፈልግ ሰው አለና፥ የፊደል ስሕተት በገላ ላይ ከቀረ ላጲስ የለውም። መኪናው ሲነሣ መርፌዎቹ በደቂቃ በሺሕ የሚቈጠር ጊዜ ይወጣሉ ይገባሉ። ብዙ ሰው መርፌው እንደ ሐኪም መርፌ ቀዳዳ ያለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። አንድ ላይ የተበየዱ ጥቃቅን መርፌዎች ናቸው፤ ቀለሙ በመካከላቸው ተጣብቆ ይቈይና ወደ ተወጋው ስፍራ ይወርዳል።

እኔ ሰው ነቅሼ አላውቅም፤ እኅቴም አልፈቀደችልኝም። የምለማመደው በብርቱካን ልጣጭና ለዚሁ በተሠራ ላስቲክ ላይ ነው። «ብርቱካኑ ውኃ ሳያንጠባጥብ መስመር ማስመር እስክትችዪ ድረስ የሰው ክንድ አትነኪም» ብላኛለች።

የአዲስ ንቅሳት አጠባበቅ

ደንበኛው ከወንበሩ ሲነሣ የነቃሹ ሥራ ያልቃል፤ የእርሱ ሥራ ግን ይጀምራል። ለደንበኞች የማስረዳውን ደንብ እዚህ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

1ኛ፤ ነቃሹ የሸፈነውን ነቃሹ በነገረህ ሰዓት ብቻ ግለጠው። ከመንካትህ በፊት ሁልጊዜ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ከሌላው ነገር ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

2ኛ፤ ሽፋኑን ከገለጥህ በኋላ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና በእጅህ መዳፍ ቀስ ብለህ እጠበው። የቧንቧ ውኃ በሌለ ቀን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ተጠቀም። በስፖንጅ ወይም በጨርቅ አትሸው። በንጹሕ ሶፍት ጠብ ጠብ እያደረግህ አድርቀው እንጂ ሁሉም ሰው በሚጠርግበት ፎጣ አትጥረገው። ይህን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ አድርግ።

3ኛ፤ ነቃሹ ያዘዘልህን ሽታ የሌለው ቅባት በስሱ ቀባው። ቆዳው ወዛ እንዲል ያኽል ይበቃል፤ የበዛ ቅባት ቁስሉን አፍኖ ያረጥበዋል።

4ኛ፤ የሰፋና ከጥጥ የተሠራ ልብስ ልበስበት። የሱፍ ሹራብ ከቁስሉ ጋር ይጣበቃል፤ ሲላቀቅም ቅርፊቱን ይዞት ይሄዳል።

5ኛ፤ ቆዳው እስኪድን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በውኃ ውስጥ አትዘፍዝፈው። ወደ ዋና፥ ወደ ፍል ውኃና ወደ ወንዝ አትውረድ። በገንዳ ወይም በወንዝ ጠበል ለመጠመቅ የሚያስብም ሰው ቁስሉ እስኪድን ቢቈይ ይሻለዋል።

6ኛ፤ ለፀሐይ አታጋልጠው። ከዳነም በኋላ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው በልብስ መሸፈን ወይም የፀሐይ መከላከያ ቅባት መቀባት ይበጃል።

7ኛ፤ አትከከው፤ ቅርፊቱንም አትላጠው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ሰባተኛው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ስፍራው ያብጣል፥ ያቃጥላል፥ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃም ያወጣል፤ ይህ የተለመደ ነው። ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ይጀምርና እጅግ ያሳክካል። የሚረግፈው ቅርፊት ቀለም ስላለበት ብዙዎች «ንቅሳቴ ሊጠፋ ነው» ብለው ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን የሚረግፈው ክዳኑ እንጂ ግድግዳው አይደለም። ያሳከከው ሰው በንጹሕ እጅ ቀስ ብሎ መታ መታ ቢያደርገው ይረጋጋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ላዩ ይድናል፤ ውስጡ ግን ፈጽሞ እስኪድን ጥቂት ወራት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ወላጆቼንና ሌሎችን ወላጆች ይቅርታ ጠይቄ ስለ ቤት መድኃኒት አንድ ነገር ልናገር። በቁስል ላይ ቅቤ፥ የተፈጨ ቡና፥ ፌጦ ወይም አመድ ማድረግ በብዙ ቤት ያለ ልማድ ነው። የሚደረገውም ስለ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚህ ነገሮች ከጀርም የነጹ ስላልሆኑ፥ በሺሕ ቀዳዳ በተበሳ ቆዳ ላይ ማድረግ በሩን ለበሽታ ከፍቶ እንደ መተው ነው።

የሚያሠጉ ምልክቶች

ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን መቀነስ ሲገባው የባሰ እንደ ሆነ፥ እብጠቱ ከተነቀሰው ስፍራ አልፎ የሄደ እንደ ሆነ፥ መግል የወጣ እንደ ሆነ፥ ትኵሳትና ብርድ ብርድ ማለት የመጣ እንደ ሆነ፥ በብብት ወይም በብሽሽት ንፍፊት የወጣ እንደ ሆነ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በመጻሕፍት ውስጥ ቆዳው ይቀላል ተብሎ ይጻፋል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በግልጥ ስለማይታይ፥ ቅላቱን ከመጠበቅ ይልቅ ስፍራውን በእጅ ጀርባ ዳስሶ ሙቀቱን ከሌላው ገላ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

እነዚህ ምልክቶች ቶሎ የሚታዩት ናቸው። ቶሎ የማይታዩትና የባሱት ግን ሌሎች ናቸው። የአንዱን ሰው ደም የነካ መርፌ ሌላውን ሲወጋ፥ ኤችአይቪንና ጉበትን የሚጎዱትን ሄፓታይተስ ቢና ሲን ሊያስተላልፍ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከገላ ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቈይ ይችላል፤ በመርፌው ላይ ደም ባይታይም ቫይረሱ ሊኖር ይችላል። ያልጸዳ መርፌ መንጋጋ ቆልፍንም ሊያመጣ ይችላል። መርፌውን በክብሪት ማቃጠል ነገሩን አያስተማምንም፤ የእስክሪብቶ ቀለምም ለወረቀት እንጂ ለገላ የተሠራ አይደለም። በተጨማሪም በየበዓሉ የሚቀባው ሂና ቶሎ እንዲጠቍር ተብሎ የጠጕር ማጥቈሪያ የተጨመረበት እንደ ሆነ፥ ሳይወጋም እንኳ ቆዳን አቃጥሎ ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል።

ንቅሳትን ስለ ማጥፋት

«ካልወደድሁት በጨረር አስጠፋዋለሁ» የሚል አለ። ሌዘር የሚባለው ጨረር ቀለሙን እያደቀቀ፥ ዘበኞቹ ሕዋሳት ጥቂት በጥቂት ተሸክመው እንዲወስዱት ያደርጋል። ይህ ግን በአንድ ጊዜ አይፈጸምም፤ ብዙ ጊዜ በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ እየተመላለሱ ደጋግሞ መታከም ያስፈልጋል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ጨረሩ የቆዳውንም መልክ ስለሚነካ፥ ንቅሳቱ በነበረበት ስፍራ ነጣ ያለ ወይም የጠቈረ ምልክት ሊቀር ይችላል። ከዘመዶቼ አንዷ በልጅነቷ የተነቀሰችውን የግንባር መስቀል ውጭ አገር ከሄደች በኋላ ለማስጠፋት ሞከረች። ዛሬ በግንባሯ ላይ ያለው የነጣ መስቀል ነው። ለመነቀስ አንድ ከሰዓት በኋላ በቅቷት ነበር፤ ለማስጠፋት ግን ሁለት ዓመት ተመላልሳለች።

ማጠቃለያ

ስለ ንቅሳት የሰዎች አሳብ ልዩ ልዩ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 28 ላይ ያለውን ቃል ጠቅሰው የሚቃወሙ ክርስቲያኖች አሉ፤ ብዙ የእስልምና መምህራንም ይከለክሉታል። የአባቶቻችን ባህል ነው ብለው የሚያከብሩትም አሉ። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ፈራጅ ለመሆን አልተነሣሁም። ነገር ግን የሚቃወመውም የሚወደውም ሰው ሊክደው የማይችለው ነገር፥ ንቅሳት የማይመለስ ነገር መሆኑና የሚጀምረውም በቁስል መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለክፍል ጓደኞቼ የምለው ይህ ነው። ዕድሜያችን 18 ዓመት ሳይሞላ መነቀስ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። እኅቴ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሰው የመጡትን ሁሉ ገንዘባቸውን ሳትቀበል ትመልሳቸዋለች። ዛሬ የምንወደው ስም ወይም ሥዕል ከአምስት ዓመት በኋላ የምንወደው መሆኑን አናውቅም፤ ቢቈይ ግን የሚጎድልብን ነገር የለም። በምንም ምክንያት ቢሆን አንድን መርፌ ለሁለት ሰው አናድርግ። በልብስ መርፌ የተወጋም ጓደኛ ቢኖር አፍሮ ከመደበቅ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ሐኪም የሚጠይቀው መቼና በምን እንደ ተወጋ ነውና እውነቱን ይንገር።

ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን ደግሞ በትሕትና የማቀርበው ልመና አለኝ። የተነቀሰ ልጅ ስታዩ ከቍጣ በፊት ክንዱን ተመልከቱ፤ ትኵስ እንደ ሆነ ዳስሱት። ቍጣን የፈራ ልጅ ቁስሉን በሹራብ እጅጌ ውስጥ ይሸፍናል፤ የተሸፈነ ቁስልም ይብሳል። አያቴን በሰባት ዓመቷ ማንም አልጠየቃትም። እኛን ግን ብትጠይቁንና ብታስረዱን፥ መልሳችንን አስበን ለመስጠት እንችላለን።